የሰልፉ ራስ ሳይገኝ ድልድይ አይጨመር

ግልጽ ደብዳቤ

ለትላልቅ ከተሞች የመንገድና የትራፊክ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በተጨናነቁ ማሳለጫዎች ላይ ከግንባታ በፊት መሠራት ስላለበት ጥናትና ማስተካከያ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፤

ሁለት ፈጣን መንገዶች የሚገናኙበት ማሳለጫ ጠዋትና ማታ መኪና ማሳለፍ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚቀርበው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ተጨማሪ ረድፍ፣ ተጨማሪ ተሻጋሪ ድልድይ፣ ካልሆነም ማሳለጫውን አፍርሶ በአራትና በአምስት ደረጃ እንደገና መሥራት። እኛ በመንገድ ዲዛይን፣ በትራፊክ ጥናትና በጥገና ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። ግንባታን አንቃወምም። የምንጠይቀው ጨረታው ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ በቁጥርና በካርታ እንዲመለስ ነው፤ ሰልፉ የሚጀምረው ከየት ነው?

የሰልፉን ጭራ ሁሉም ያየዋል። አቤቱታ የሚመጣው ከጭራው ነው፤ የራዲዮ የትራፊክ ዘገባ የሚያወራውም ስለ ጭራው ነው። ማነቆው፣ ማለትም መንገዱን የሚያጠብበው ነጥብ፣ ያለው ግን በሰልፉ ራስ ላይ ነው። የሰልፉ ራስ ደግሞ ከጭራው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል፤ ጨርሶ ከማሳለጫው ውጭ፣ ራምፑ (ወደ ፈጣኑ መንገድ የሚያስገባው ወይም ከእሱ የሚያስወጣው ማገናኛ መንገድ) ወርዶ ከከተማ መንገድ ጋር በሚገናኝበት የትራፊክ መብራት ላይ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ጭራው ባለበት ረድፍ መጨመር ብዙ መኪና ጎን ለጎን እንዲቆም ቦታ ይሰጣል እንጂ በሰዓት የሚያልፈውን መኪና በአንድ እንኳ አይጨምርም።

ከቆጠራው እንጀምር፤ አብዛኛው ስሕተት የሚገባው በዚህ በር ነውና። በሰልፉ መሐል ቆሞ መኪና የሚቆጥር ሰው የሚያገኘው ቁጥር ስንት መኪና ማለፍ እንደፈለገ አይነግረውም፤ ማነቆው ስንቱን እንዳሳለፈ ብቻ ነው የሚነግረው። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ የፈጣን መንገድ አንድ ረድፍ በሰዓት ከ2,200 እስከ 2,400 የቤት መኪና ማሳለፍ ይችላል። ከማነቆ በስተኋላ በተያዘ ሰልፍ ውስጥ ያው ረድፍ 1,300 ወይም 1,400 ሊቆጠርበት ይችላል። ይህን አኃዝ የያዘ ሪፖርት «መንገዱ ገና አልሞላም» ብሎ ይደመድማል፤ በቁጥሩ ላይ የተሠራው ዲዛይንም ሲከፈት በማግስቱ ይሞላል።

ትክክለኛው አሠራር ከጭራው በስተኋላ፣ ሰልፉ በጭራሽ በማይደርስበት ቦታ፣ በየ5 ወይም በየ15 ደቂቃው መቁጠር ነው። ቆጠራው መጨናነቁ ሳይጀምር ተጀምሮ ሙሉ በሙሉ እስኪበተን መቀጠል አለበት። በተመሳሳይ ሰዓት ከማነቆው ፊት ሌላ ቆጠራ ይደረጋል፣ በመሐል ያሉ ራምፖችም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከገባው ድምር የወጣው ድምር ሲቀነስ በሰልፉ ውስጥ ያለው መኪና ብዛት ይገኛል። የሰልፉ ራስ ያለበት ቦታ የሚታወቀው ደግሞ በመኪኖቹ ፍጥነት ነው። መንገዱን በየ300 ሜትሩ ከፍሎ የእያንዳንዱን ክፍል ፍጥነት በየ5 ደቂቃው በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው፤ ከኋላው የሚንፏቀቅ፣ ከፊቱ ግን ነጻ የሆነ ነጥብ ሲገኝ የሰልፉ ራስ እዚያ ነው። ከፊቱም ከተንፏቀቀ ገና አልተገኘም፤ ወደ ፊት መቀጠል ነው። መጨናነቅ ወደ ኋላ የሚጓዘው በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በሠንጠረዡ ላይ መንፏቀቁ መጀመሪያ የታየበትን ክፍልና ደቂቃ ተከትሎ ምንጩ ላይ መድረስ ይቻላል።

አንድ ተጨማሪ ቆጠራ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለውም እሱ ነው። በእያንዳንዱ መግቢያ የገባው መኪና በየትኛው መውጫ ወጣ? ከከፍታ በሚነሳ ቪዲዮ ወይም ሰሌዳ በማዛመድ ይገኛል። በአንድ ክፍል 3,000 መኪና አልፎ ረድፍ የሚያቋርጠው 500 ብቻ ከሆነና 1,800 ከሆነ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ ጠቅላላ ድምሩ ግን አንድ ነው።

የሰልፉ ራስ በራምፕ ጫፍ መብራት ላይ ሲገኝ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው በድልድይ ለመፍታት መሞከሩ የሚያሳዝነን። አረንጓዴ ሲበራ አንድ ረድፍ በየሁለት ሰከንዱ አንድ መኪና ያሳልፋል፣ ማለትም ሳይቋረጥ ቢበራ በሰዓት 1,800። የመብራቱ ዙር 120 ሰከንድ ሆኖ ለራምፑ የተሰጠው አረንጓዴ 30 ሰከንድ ከሆነ የሚያልፈው 450 ብቻ ነው። በራምፑ የሚመጣው 700 ከሆነ በየሰዓቱ 250 መኪና ይተርፋል። የቆመ መኪና ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር 7.5 ሜትር ያህል ስለሚይዝ 300 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ አንድ ረድፍ ራምፕ 40 መኪና ይችላል። በ10 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ወደ ፈጣኑ መንገድ የቀኝ ረድፍ ይወጣል፤ ቀጥታ የሚሄደው አሽከርካሪ እሱን ለመሸሽ ወደ ግራ ይገባል፤ መውጫው እንዳያመልጠው የሚፈልገው ደግሞ ከሁለተኛው ረድፍ ቆሞ ለመግባት ይሞክራል። በዚህ ጊዜ የታገደው አንድ ረድፍ አይደለም፣ ሁለት ነው።

መፍትሔው አረንጓዴውን ወደ 48 ሰከንድ ማሳደግ ነው፤ በሰዓት 720 ያልፋል። መብራቱን የሚጋራው የከተማ መንገድ ይህን ያህል ሰከንድ መስጠት ካልቻለ የራምፑን ጫፍ ሁለት ረድፍ ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ ርዝመቱ ወሳኝ ነው። በ30 ሰከንድ አረንጓዴ ከእያንዳንዱ ረድፍ 15 መኪና ያልፋል፤ 15 መኪና ለማስቆም ደግሞ 112 ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ የሰፋው ክፍል ቢያንስ 120 ሜትር መሆን አለበት። 50 ሜትር ብቻ የሰፋ እንደሆነ ሁለተኛው ረድፍ በአረንጓዴው አጋማሽ ባዶውን ይቀራል፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ መግቢያውን ይዘጋበታልና። በተጨማሪም ከራምፑ ርዝመት ሁለት ሦስተኛው ላይ የሰልፍ መጠቆሚያ ዳሳሽ (ሴንሰር) ተቀብሮ፣ መኪና ሲቆምበት መብራቱ አረንጓዴውን እንዲያራዝም ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። ይህ ሥራ በብዙ ቦታ የሚሰናከልበት ምክንያት ቴክኒክ አይደለም። ራምፑ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ መብራቱ የሌላ ስለሆነ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ መብራቱን የሚያስተዳድረው ክፍል የራሱን መስቀለኛ መንገድ ብቻ ያያል፣ ከእሱም አንጻር ትክክል ነው።

የሰልፉ ራስ በማሳለጫው ውስጥ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመጠላለፊያው ክፍል ነው፤ ከአንድ ራምፕ የሚገቡና በሚቀጥለው የሚወጡ መኪኖች በአጭር ርቀት ውስጥ እርስ በርስ የሚያቋርጡበት። ክሎቨርሊፍ የሚባለው ባለ አራት ቀለበት (ክብ ሆኖ የሚዞር ራምፕ) ማሳለጫ ይህን ችግር ከተፈጥሮው ይዞ የመጣ ነው። ከአንዱ ቀለበት የሚወጣው መኪና በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ዋናው መንገድ እየገባ ለመፍጠን ይታገላል፤ ወደ ቀጣዩ ቀለበት የሚገባው ደግሞ በዚያው ረድፍ ላይ ፍሬን እየያዘ ይወርዳል። አንዱ የሚፈጥንበት ሌላው የሚቀዘቅዝበት ቦታ አንድ ሆነ ማለት ነው። የሁለቱ ተጎራባች ቀለበቶች ትራፊክ ተደምሮ በሰዓት 1,000 ሲጠጋ ዋናው መንገድ መረበሽ እንደሚጀምር በዲዛይን መመሪያዎች ከታወቀ ቆይቷል። 250 ሜትር የሆነ ክፍል በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ15 ሰከንድ ያልቃል። በዚያ ውስጥ አሽከርካሪው ሰሌዳ አንብቦ፣ መስታወት አይቶ፣ ክፍተት ፈልጎ አንድ ረድፍ ይቀይራል እንበል። ሁለት ረድፍ መቀየር ግድ የሚሆንበት ከሆነ ግን አንዱ መቆሙ አይቀርም፤ ከቆመው በስተኋላ ያለው ሁሉም ይቆማል።

መፍትሔዎቹ በወጪ ቅደም ተከተል የሚከተሉት ናቸው። ርካሹ ቀለም ነው። ከሩቁ የግራ ረድፍ ተነሥቶ በመጨረሻው ሰከንድ ወደ መውጫው የሚሻገረውን ለመከልከል ያልተቆራረጠ ድርብ መስመር መቀባትና በመስመሩ ላይ የሚተጣጠፉ የፕላስቲክ ምሰሶዎች መትከል ነው። ክልከላው ግን ከሰሌዳው በኋላ መጀመር አለበት፤ አሽከርካሪው ረድፉን እንዲመርጥ ሳይነገረው ከታጠረበት ምሰሶውን ገጭቶ ያልፋል። የተገጨ ምሰሶ በሳምንት ውስጥ ካልተተካ ክፍተቱ አዲስ መሹለኪያ ይሆናል፣ አደጋውም ከቀድሞው ይብሳል። ስለዚህ ምሰሶ ሲገዛ መተኪያውም አብሮ ይገዛ፣ የሚተካው ቡድንም ይታወቅ። ቀጥሎ የሚመጣው ከመግቢያው እስከ መውጫው የሚዘልቅ ረዳት ረድፍ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስኬደው ከዋናው መንገድ በግንብ ተነጥሎ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰብሳቢና አከፋፋይ መንገድ ነው፤ መጠላለፉ ባይጠፋም በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ከዋናው ትራፊክ ውጭ ይከናወናል። የመጨረሻው ከሁለቱ ቀለበቶች አንዱን ማንሣት ነው፤ ወይ በቀጥታ ራምፕ መተካት፣ ወይ አንዱ ራምፕ በሌላው ላይ ተሻግሮ ቅደም ተከተላቸው እንዲለዋወጥ ማድረግ። በእኛ እምነት ለብዙ የቆዩ ማሳለጫዎች ትክክለኛው ድልድይ ይኸኛው ነው። አንድ ትንሽ ድልድይ በትክክለኛው ቦታ ላይ አምስት ደረጃ ካለው ግንባታ የተሻለ ሊሠራ ይችላል።

ሁለት ዋና መንገዶች በሚገናኙበት ማሳለጫና በአቅራቢያው ባለው የከተማ መግቢያና መውጫ መካከል 600 ሜትር እንዲኖር የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ለአዲስ የገበያ ማዕከል ወይም የመኖሪያ ሰፈር ተብሎ በዚህ ርቀት ውስጥ ተጨማሪ መግቢያ ሲፈቀድ አንድ አዲስ መጠላለፊያ እየተፈጠረ እንደሆነ ይታወቅ። ፈቃዱ የሚሰጠው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ መልሶ ማንሣቱ ዓመታት ይፈጃል።

የረድፍ ብዛት ሚዛን ሌላው ነው። ሁለት መንገዶች ሲቀላቀሉ ከመቀላቀያው በኋላ ያለው ረድፍ ከሁለቱ ድምር ከአንድ በላይ መጉደል የለበትም። ሦስትና ሁለት ሲገናኙ ቢያንስ አራት ማለት ነው። በአንድ ቦታ ከአምስት ወደ ሦስት የሚወርድ መንገድ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ማነቆ ነው። አራተኛው ረድፍ መቀነስ ካለበት ከ600 እስከ 900 ሜትር ርቆ ይቀነስ፤ አሽከርካሪዎች ከመቀላቀሉ ግርግር ከወጡና ፍጥነታቸው ከተስተካከለ በኋላ። በመለያያ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀጥታ የሚሄድ ሦስት ረድፍና ባለ ሁለት ረድፍ መውጫ ካለ ከመለያያው በፊት አራት ይበቃል፣ መሐል ያለው አንዱ ረድፍ ለሁለቱም ስለሚያገለግል። ይህን የጋራ ረድፍ ሰርዞ ለመውጫው ብቻ መስጠት ቀጥታ የሚሄዱትን ሳያስፈልግ ወደ ግራ ያባርራቸዋል።

የመፍጠኛ ረድፍም እንዲሁ በስሌት ነው። ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የቤት መኪና በመጠነኛ ነዳጅ 185 ሜትር ያህል ሲበቃው፣ የተጫነ ከባድ መኪና 450 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል፤ ዳገት ካለበት ከዚያም በላይ። የከባድ መኪና ድርሻ ትልቅ በሆነበት ማሳለጫ 150 ሜትር የመፍጠኛ ረድፍ መተው በየደቂቃው አንድ ዘገምተኛ ተሽከርካሪ በፈጣኑ ረድፍ ፊት እንደማስቀመጥ ነው።

ስለ ቀለበት ራምፖችና ስለ ጭነት መኪና መገልበጥ ትንሽ ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ አንድ ቦቴ ሲገለበጥ ማሳለጫው ለሰዓታት ይዘጋል፣ ሰውም ይሞታል። ራዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ቀለበት ላይ በ40 ኪሎ ሜትር የሚታጠፍ መኪናን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የክብደቱን 25 በመቶ ያህል ነው። በ50 ኪሎ ሜትር 39 በመቶ፣ በ55 ኪሎ ሜትር ደግሞ 48 በመቶ ይሆናል። አስፋልቱ ወደ ውስጥ በ8 በመቶ ካዘነበለ ያንን ያህል ይቀነስለታል፤ 17፣ 31 እና 40 በመቶ ይቀራሉ። ጭነቱ ከፍ ያለ ከባድ መኪና ከ35 እስከ 40 በመቶ ባለው መካከል መገልበጥ ይጀምራል። በ50 እና በ55 መካከል ያለው ልዩነት በዳሽቦርድ ላይ ለዓይን እንኳ አይታይም፣ ለመኪናው ግን በጎማው መቆምና በጎኑ መተኛት ነው። በግማሽ የተሞላ ቦቴ ደግሞ ፈሳሹ ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድበት ከዚህም ቀድሞ ሊገለበጥ ይችላል።

ስለዚህ የፍጥነት ማሳሰቢያው በመታጠፊያው ላይ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ይተከል። ተሳቢ የያዘ መኪና ከ90 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሳይደናገጥ ለመውረድ 250 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ የመቀዝቀዣው ረድፍ ይህን ያህል ካልሆነ ሰሌዳው ብቻውን አያድንም። በተለይ አደገኛው ሰፋ ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ የሚጠብ ቀለበት ነው፤ አሽከርካሪው የመግቢያውን ስፋት አምኖ ፍጥነቱን ይዞ ይገባል፣ ጠባቡን የሚያገኘው ፍሬን መያዝ ራሱ አደገኛ በሆነበት ቦታ ነው። እንዲህ ዓይነት ራምፕ ካለ የመጀመሪያው የማሻሻያ ገንዘብ ለእሱ ይዋል እንላለን።

አቅጣጫ አመልካች ሰሌዳን በተመለከተ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ140 ሜትር ገደማ ይነበባል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ 6 ሰከንድ ነው። በ6 ሰከንድ ውስጥ አራት የሰፈር ስም፣ ሁለት የመንገድ ቁጥርና ሦስት ቀስት የሚያነብ ሰው የለም። በአንድ ሰሌዳ ሁለት መድረሻ ይበቃል፤ ቀስቱ ደግሞ ከእያንዳንዱ ረድፍ በላይ ለየብቻ ይሁን። ዋና መለያያ በ2 ኪሎ ሜትር፣ በ1 ኪሎ ሜትርና በ500 ሜትር ሦስት ጊዜ ይነገር፣ በሦስቱም ላይ ያው ስም በያው አጻጻፍ። የመድረሻው ስም ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ሲለዋወጥ አሽከርካሪው ያለፈበት መስሎት በመለያያው ጥግ ላይ ይቆማል፣ አንዳንዱም ወደ ኋላ ይነዳል። በግራ በኩል የሚወጣ መውጫ ካለ ይህ ሁሉ እጥፍ ያስፈልገዋል፤ ሰው መውጫን የሚጠብቀው በቀኝ ነውና። ረድፍ ሲቀየር የካርታ መተግበሪያ ለሚሠሩ ድርጅቶች አስቀድሞ ማሳወቅም የሥራው አካል ይሁን። ስልኩ «በግራ ያዝ» እያለው ሰሌዳው «በቀኝ» የሚለው አሽከርካሪ የሚያምነው ስልኩን ነው።

በመግቢያ ራምፕ ላይ መብራት ተክሎ መኪናን አንድ በአንድ ማስገባት እ.ኤ.አ. በ1963 በቺካጎ የተጀመረ አሠራር ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ፈጣን መንገድ አንዴ ከተጨናነቀ በኋላ የሚያሳልፈው መኪና ከመጨናነቁ በፊት ከነበረው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያንሳል። በሦስት ረድፍ ላይ ይህ በሰዓት ብዙ መቶ መኪና ነው፣ ያለ ምንም ግንባታ የሚጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ከተሞች 430 ያህል የራምፕ መብራቶች ለሳምንታት ጠፍተው ነበር፤ ሕዝቡ ጥቅማቸውን ስለተጠራጠረ የክልሉ ምክር ቤት አዝዞ። በዚያ ጊዜ በፈጣን መንገዶቹ ያለፈው ትራፊክ 9 በመቶ ቀነሰ፣ የጉዞ ጊዜ 22 በመቶ ረዘመ፣ ግጭትም 26 በመቶ ጨመረ። መብራቶቹ ተመልሰው ሲበሩ ግን የሕዝቡም ቅሬታ ተሰምቶ በራምፕ ላይ የሚጠበቀው ጊዜ እንዲያጥር ተደረገ። ሁለቱም ውጤቶች ትምህርት ይሰጣሉ። መብራቱ በየ6 ሰከንዱ አንድ መኪና ቢለቅ በሰዓት 600 ይገባል፤ የሚመጣው 800 ከሆነ 300 ሜትር ራምፕ በ12 ደቂቃ ሞልቶ ከታች ያለውን የከተማ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ በራምፑ መግቢያ ላይ ዳሳሽ ይኑር፤ ሰልፉ እዚያ ሲደርስ መብራቱ ፈጥኖ ይልቀቅ። ይህን ዳሳሽ ሳያስገቡ መብራቱን ብቻ መትከል ችግሩን ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ማሻገር ነው።

የተበላሸና የተጋጨ መኪና ጉዳይ ከግንባታ ጋር ስለማይቆጠር ይረሳል። ባለ ሦስት ረድፍ መንገድ ላይ አንድ ረድፍ ሲዘጋ ሁለት ሦስተኛው የሚተርፍ ይመስላል፤ የሚተርፈው ግን ግማሹ ብቻ ነው፣ አሽከርካሪዎች ለማየት ስለሚዘገዩና ስለሚሸሹ። መኪናው በመንገዱ ትከሻ ላይ ሆኖ አደጋው ብቻ ቢታይ እንኳ 17 በመቶ ይጠፋል። በሰዓት 6,600 በሚያሳልፍ መንገድ ላይ 5,500 እየመጣ አንድ ረድፍ ለ20 ደቂቃ ቢዘጋ 750 ያህል መኪና ይሰለፋል፤ ረድፉ ከተከፈተ በኋላም ሰልፉን ለመበተን 40 ደቂቃ ይወስዳል። በ10 ደቂቃ ቢከፈት ሁለቱም በግማሽ ይቀንሳሉ። እነዚያን 10 ደቂቃዎች የሚያተርፉ ነገሮች የታወቁ ናቸው። በሥራ መውጫ ሰዓት ማንሻ መኪና በማሳለጫው አጠገብ በተጠንቀቅ ይቁም። ለእያንዳንዱ ራምፕ መለያ ፊደልና በየ100 ሜትሩ ቁጥር ይጻፍ፤ «ማሳለጫው ላይ ነኝ» የሚል የስልክ ጥሪ ከ12 ራምፕ የትኛው እንደሆነ አይነግርም፣ በተሳሳተው ራምፕ የገባ ማንሻ መኪና ደግሞ ዞሮ ለመመለስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይነዳል። ሰው ያልተጎዳበት ቀላል ግጭት ፎቶ ተነሥቶ ወዲያው ወደ ጥግ እንዲገፋ ትራፊክ ፖሊስ ግልጽ ሥልጣን ይኑረው።

ውሃንም አንለፈው። ራምፕ ከአንድ መታጠፊያ ወደ ተቃራኒው ሲሻገር የአስፋልቱ የጎን ተዳፋት በመሐል ዜሮ ይሆናል። በዚያ ነጥብ ላይ መንገዱ በርዝመቱ ያለው ተዳፋትም ከግማሽ በመቶ ካነሰ ውሃ የሚሄድበት የለውም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር መኪና የሚንሸራተተው በአንድ ቦታ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ለኩ። የውሃ መግቢያው ከዜሮው ነጥብ ቀደም ብሎ ይሠራ፣ ፍርግርጉም ከዝናብ ወቅት በፊት ይጠረግ። በድልድዩ መገጣጠሚያ የሚያንጠባጥበው ውሃ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተውና በ559 የኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ የቆመው በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ግሬቭሊ ሂል ማሳለጫ ያለበት የድልድይ መስመር፣ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተን ጨው ከውሃ ጋር በመገጣጠሚያዎቹ ሰርጎ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ፌሮ ስለበላው ለረጅም ዓመታት ጥገና ተዳርጓል። ጨው በማይበተንበት አገርም ቢሆን የሚያፈስ መገጣጠሚያ ምሰሶውን ያበላሻል። የመገጣጠሚያ ጎማ መቀየር የአንድ ሌሊት ሥራ ነው፤ የምሰሶ ራስ መቀየር ግን ረድፍ ለወራት ይዘጋል።

እግረኛና አውቶቡስ በማሳለጫ ሥዕል ላይ አይታዩም፣ በቦታው ግን አሉ። የእግረኛ መሻገሪያው ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ ሰው ራምፑን አቋርጦ ይሄዳል፤ አጥር ብቻ ማጠር አጥሩን ማስቀደድ ነው። ሰው የሚሄድበትን ትክክለኛ መስመር አይቶ፣ ራምፑ ከከተማ መንገድ ጋር በሚገናኝበትና መኪናው በዘገየበት ቦታ፣ በመብራት ማሻገር ይሻላል። የአውቶቡስ ማቆሚያ በመቀላቀያ አጠገብ አይሁን፤ አንድ የቆመ አውቶቡስ የመፍጠኛውን ረድፍ ሙሉ ያጠፋዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማሳለጫው አሁንም ካልበቃ ግንባታ ተገቢ ነው። በዓለም የመጀመሪያው ባለ አራት ደረጃ ማሳለጫ እ.ኤ.አ. በ1953 በሎስ አንጀለስ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ወዲህ ቀለበቶችን በቀጥታ ራምፕ መተካት መጠላለፍን እንደሚያስቀር በተግባር ታይቷል። ዋጋው ግን ከነጊዜው ይነገር። በቺካጎ መሐል ከተማ ያለው ጄን በርን ማሳለጫ እንደገና ሲሠራ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ በ2022 መጨረሻ አለቀ፣ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይም ወጣበት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ትራፊኩ በግንባታው መሐል ያልፍ ነበር፤ ስለዚህ የግንባታ ወቅት የትራፊክ ዕቅድ እንደ ተጨማሪ ወረቀት ሳይሆን እንደ ዋናው ዲዛይን ይገምገም። ሌላው ደግሞ ሰፊ መንገድ አዲስ ጉዞ ይጠራል። በአሜሪካ ሂውስተን የኬቲ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2008 የጎን መንገዶቹን ጨምሮ በሰፊው ቦታ እስከ 26 ረድፍ እንዲሆን ተደርጎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚፈጀው ጊዜ እንደገና ረዝሟል። ከሁሉም በላይ አዲሱ ራምፕ የሚያደርሰው ወዴት ነው? በሰዓት 3,600 መኪና በሁለት ረድፍ አምጥቶ 1,500 ብቻ በሚያሳልፍ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚያፈስ ድልድይ የሰልፉን ራስ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ወሰደው እንጂ አላጠፋውም።

በመሆኑም ለማሻሻያ ገንዘብ ከመመደቡ በፊት የሚከተሉትን ለሕዝብ ይፋ እንድታደርጉ እንጠይቃለን። የፍጥነቱ ሠንጠረዥ በየ300 ሜትሩና በየ5 ደቂቃው፤ ከጭራው በስተኋላ የተወሰደው ቆጠራ፤ የእያንዳንዱ መግቢያና መውጫ ጥምረት፤ በእያንዳንዱ ራምፕ ጫፍ ያለው መብራት ዙርና አረንጓዴ ጊዜ፤ የግጭቶች ቦታ በረድፍ ደረጃ። ከዚያም በቀለም፣ በሰሌዳና በመብራት የሚቻለው ይሠራ። አሽከርካሪዎች አዲሱን አሠራር እስኪለምዱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተጠብቆ፣ በዚያው የሳምንቱ ቀን፣ በዚያው ቦታና ሰዓት ቆጠራው ይደገም። የተሻሻለውም ያልተሻሻለውም ቁጥር ከመጀመሪያው ሠንጠረዥ ጎን ይውጣ፤ የግንባታ ጨረታ ሰነድም ሁለቱን ሠንጠረዦች አባሪ አድርጎ ይቅረብ።

ከሰላምታ ጋር

በመንገድ ዲዛይን፣ በትራፊክ ጥናትና በጥገና ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች